ዳውላውን አትምታው፦ «ብራችንን የገደለው ነጋዴው ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሰኞ ማታ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ደረሰኝ። የላከልኝ ኮምቦልቻ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ነው። «ስለ አባትህ ተጽፏል፣ አንብበው» ብሎ የሚስቅ ፊት ለጥፎበታል። ቀልዱ ገብቶኛል። አባቴ ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሱቅ አለው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሻማ። የጽሑፉ ርዕስ ደግሞ «ብራችንን የገደለው ነጋዴው ነው» ይላል።

የባለሱቅ ልጅ መሆኔን እንግዲህ ከወዲሁ ተናገርኩ። «ለአባቱ ጥብቅና ቆመ» የሚለኝ ካለ ይበለኝ፣ አልቀየምም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። ዋጋ የሚንረው ነጋዴ ስለሚስገበገብ ነው። ገንዘብ ማተም ዋጋ ከናረ በኋላ የሚመጣ እንጂ ዋጋ የሚያንር አይደለም፤ ጀርመንም በ1923 እ.ኤ.አ. የወደቀችው በጦርነት ካሳ ነው። መፍትሔው ዋጋ መተመን ነው። ካልሆነ የብሩን ዜሮ መቁረጥ፣ እሱም ካልሆነ እንደ አያቶቻችን ወደ ጠገራ ብር መመለስ። በመሐል ደግሞ የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የዚሁ የዋጋ ንረት ውጤት ነበር ይላል። ዛሬም «ዚምባብዌን ሆነናል» ብሎ ይደመድማል።

ጸሐፊው ደሴ ያደገ ልጅ መሆኑን ነግሮናል፤ ብዕሩም ደግ ነው። ስለ ደመወዝተኛው የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ደመወዝ በወጣ በአሥረኛው ቀን ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆሞ «እስቲ ግማሽ ኪሎ ብቻ» የሚለውን ሰው እኔም አውቀዋለሁ። የማልስማማው ለምን እንዲህ እንደሆነ በሰጠው ምክንያት ነው።

ከስግብግብነቱ ልጀምር። ነጋዴ ትርፍ ይወዳል። አባቴም ይወዳል፣ አልዋሽም። ግን ትርፍ መውደድ ዘንድሮ ነው እንዴ የተጀመረው? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አንድ ዶላር በ4.2 የጀርመን ማርክ ይመነዘር ነበር። በኖቬምበር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። እና የበርሊን ባለሱቅ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ትሪሊዮን ጊዜ ሰሰተ ልንል ነው? ደግሞስ ያ ሁሉ ስስት በዚያው ወር ድንገት ምን ዋጠው? ሁልጊዜ ያለ ነገር አንድ ሰሞን ብቻ ለሆነ ነገር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ አባቴ ሱቅ ግቡልኝ። ከሚዛኑ ሥር ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። የዱቤ መዝገብ ነው። አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ሁለት ዘበኞች፣ አንድ ጡረተኛ። ወሩን ሙሉ ይወስዳሉ፣ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላሉ። በ2014 ክረምት ቤት ሄጄ ሳለ ሒሳቡን አብረን ሠራን። አንዱ ደንበኛ በወሩ መግቢያ አምስት ሊትር ዘይት ወስዷል፤ ደብተሩ ላይ የሰፈረው የዚያ ቀን ዋጋ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሰውዬው አንድ ብር ሳያጎድል ከፈለ። መርቆም ሄደ። አባቴ በዚያ ብር ከአከፋፋዩ ያንኑ አምስት ሊትር ሊገዛ ሲል አልበቃውም። ትርፉ ይቅር፣ ዋናውም ጎደለ። መነጽሩን አውልቆ ደብተሩን ትንሽ አየውና «ሸጬ ከሰርኩ» አለኝ። ሰውዬው አልበላውም፣ አከፋፋዩም አልበላውም። መሐል ላይ ያለው ብር ነው የቀለጠው።

ከዚያ ወር ወዲህ አባቴ ሁለት ነገር ለወጠ። ደብተሩ ላይ ዋጋ መጻፍ ተወ። «ዘይት 1፣ ስኳር 2» ብቻ ይላል፣ በእርሳስ። የሚከፈለው በሚከፈልበት ቀን ዋጋ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃ ሲሸጥ የገዛበትን ሳይሆን ነገ የሚተካበትን ዋጋ ያስባል። ጸሐፊው «በድሮ ዋጋ የገዛውን በአዲስ ዋጋ ይሸጣል» ብሎ የተቆጣው በዚህ ነው። አዎ፣ ይሸጣል። ባይሸጥ መደርደሪያው በየወሩ እየሳሳ ሄዶ በዓመቱ ሻማና ክብሪት ብቻ ይቀረው ነበር።

መጋዘን ዘግቶ የሚጠብቅ የለም አልልም። አለ፣ ስሙንም ሰፈሩ ያውቀዋል። ግን እማዬም አልጋዋ ሥር ሦስት ጀሪካን ዘይት አላት፤ እሷንም ደባቂ ልንላት ነው? ብር እየቀለለ ሲሄድ ብር ከማስቀመጥ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል የሚለው ሁሉም ሰው ነው። ክምችት ዋጋውን ያባብሰዋል። የግሽበቱ ልጅ ነው እንጂ አባቱ ግን አይደለም። እኛ አገር «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ጀርመን የተጻፈው የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ካሳው ከባድ ነበር፣ የሚክድ የለም። ማርክ እያተሙ ገበያ ላይ የውጭ ምንዛሬ መግዛታቸውም እውነት ነው። ግን ካሳው ራሱ በወረቀት ማርክ አይከፈልም ነበር። አሸናፊዎቹ የፈለጉት ወርቅ፣ ጠንካራ ምንዛሬ፣ ከሰልና እንጨት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት በዋናነት ለማን ታተመ? ለመንግሥት ለራሱ ወጪ ነው። ጀርመን ጦርነቱን የተዋጋችው በአብዛኛው በብድር ነበር፤ ስናሸንፍ ተሸናፊው ይከፍልልናል በሚል ሒሳብ። ተሸነፈች፣ ዕዳው እጇ ላይ ቀረ። በጃንዋሪ 1923 ደግሞ ፈረንሳይና ቤልጂየም የከሰሉንና የብረቱን አገር ሩርን ያዙት። መንግሥት ለሠራተኛው «አትሥሩላቸው፣ ደመወዛችሁን እኔ እከፍላለሁ» አለ። ከየት? ከማተሚያ ቤት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ገንዘብ እንዴት እንደሚሞት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ግብሩ ይቀልጣል። ዛሬ የተወሰነ ግብር ከሦስት ወር በኋላ ሲገባ የታክሲ ሒሳብ እንኳ አይሆንም። መንግሥት ገቢው ስለቀለጠ ጉድለቱ ይሰፋል፤ ጉድለቱ ስለሰፋ ይበልጥ ያትማል። በዚህ መሐል ሰው ይነቃል። ብር እጁ ላይ ማሳደር ይፈራል። የጀርመን ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ ወራት በቀን ሁለት ጊዜ ይከፈለው ነበር፤ ቤተሰቡ በር ላይ ጠብቆ ብሩን ተቀብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ያው አንድ ኖት በአንድ ቀን ስንት እጅ ይዞራል። ስለዚህ ዋጋው ከማተሚያው በላይ ይፈጥናል። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሰውን ሁሉ የሚያሳስት ነው፦ ገንዘብ ይጠፋል! በካሚዮን እየታተመ ሳለ አገሩ ሁሉ «ጥሬ ብር አጣን» ብሎ ይጮኻል፤ ለዚያ ለናረው ዋጋ የሚበቃ ወረቀት የለማ። ባንኩም «ሕዝቡ ተቸግሯል» ብሎ ይጨምራል።

ጸሐፊያችን «ዋጋው ቀድሞ ናረ፣ ባንኩ ተከትሎ አተመ» ያለው ይሄንን አይቶ ነው። ክርክሩ አዲስ አይደለም። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ የራይኽስባንክ ፕሬዚዳንት የነበረው ሩዶልፍ ሃቨንስታይንም የሚከራከረው እንዲሁ ነበር። ሥራዬ ለገበያው የሚፈልገውን ገንዘብ ማድረስ ነው ይል ነበር። በኦገስት 1923 ጭራሽ በኩራት መልክ፣ በቅርቡ በሰው እጅ ካለው ገንዘብ ሁሉ ሁለት ሦስተኛውን የሚያህል በአንድ ቀን ማውጣት እንችላለን ብሎ ተናገረ። ሰውዬው ሌባ አልነበረም። እሳቱን ላጥፋ ብሎ ላምባ የሚያፈስ ቅን ሰው ነበር። ቅንነቱ ማርክን አላዳነውም።

አሁን ወሳኙ ጥያቄ፦ መቼ ቆመ? በኖቬምበር 15 ቀን 1923 ሬንተንማርክ የሚባል አዲስ ገንዘብ ወጣ። አንዱ በአንድ ትሪሊዮን አሮጌ ማርክ ተለወጠ። ዋናው ነገር ስሙ አልነበረም። ጣሪያ ተበጀለት። ማዕከላዊ ባንኩ የመንግሥትን ወጪ በማተም መሸፈኑን አቆመ። መንግሥት ከተፈቀደለት በላይ ጨምሩልኝ ሲል እምቢ ተባለ። ግሽበቱም ቆመ። ያን ዕለት ሩር አሁንም በፈረንሳይ እጅ ነው፤ ነፃ የወጣው በ1925 ነው። ካሳውም አልተነሣም፤ አከፋፈሉ የተስተካከለው በቀጣዩ ዓመት በዶውስ ዕቅድ ነው። ሌባ ነው የተባለው ሰው እቤት ተቀምጦ እያለ ስርቆቱ ከቆመ፣ ሌባው ሌላ ነበር ማለት ነዋ።

ወደ ዋጋ ትመና ልለፍ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችንም አይተነዋል። በ2003 ዓ.ም. ስኳርን፣ ዘይትን፣ ዳቦንና ሥጋን ጨምሮ በ17 ያህል ዕቃዎች ላይ ጣሪያ ተጣለ። ዝርዝሩ ያለበት ወረቀት በሱቃችን በር ላይ በማስቲሽ ተለጥፎ ትዝ ይለኛል። ወረቀቱ እስኪቀደድ ከርሟል፣ ስኳሩ ግን በሳምንቱ ጠፋ። ሰው በተተመነው ዋጋ ሳይሆን በጓሮ በር፣ በሌላ ዋጋ ነበር የሚገዛው። ጥቂት ወራት ቆይቶ አብዛኛው ትመና ተነሣ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ግሽበቱ 40 በመቶ ገደማ ነበር። ዚምባብዌም በ2007 እ.ኤ.አ. ባለሱቆች ዋጋቸውን በግማሽ እንዲቀንሱ አዘዘች። እምቢ ያሉ በሺዎች ታሰሩ። ሕዝቡ ሁለት ሳምንት በደስታ ገዛ። ከዚያ መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ገንዘቡ ራሱ አበቃለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ነገሩ። የምድጃውን እሳት ሳይቀንሱ ክዳን ብቻ መጫን ምን እንደሚያመጣ ሽሮ የሠራ ሰው ያውቃል።

«ዜሮ ይቆረጥ» የሚለው ደግሞ የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ከ100 ብር 1 ብር ሲሆን ልብ ይሞላል። ዚምባብዌ ቆርጣለች። በ2006 እ.ኤ.አ. ሦስት፣ በ2008 አሥር፣ በ2009 አሥራ ሁለት ዜሮ። ድምሩ ሃያ አምስት! በመሐሉ ባለ 100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት አወጣች። መጨረሻው ምን ሆነ? የራሷን ገንዘብ ጥላ በአሜሪካ ዶላር መገበያየት ጀመረች። በ2015 እ.ኤ.አ. አሮጌው ገንዘብ ከባንክ ሲሰበሰብ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 35 ኳድሪሊዮን የዚምባብዌ ዶላር ታሰበ። ኳድሪሊዮን ማለት ከአንድ በኋላ አሥራ አምስት ዜሮ ነው፤ እኔም ስጽፈው በጣቴ ቆጥሬ ነው። ቬኔዙዌላም በሦስት ዙር አሥራ አራት ዜሮ ቆርጣለች። እኛም በመስከረም 2013 ኖት ቀይረናል፣ ዜሮ ባይቆረጥም። ባለ 200 ብር ኖት ያኔ መጣች። ከባንክ ውጭ የተከማቸውን ጥሬ ብር ለማስወጣት ጠቅሞ ሊሆን ይችላል። የሽንኩርትን ዋጋ ግን ማን ያወረደ አለ?

አንድ የተሳካ ምሳሌ አለ፤ ጸሐፊው ሳያነሣው መቅረቱ ገርሞኛል። ብራዚል ከ1986 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. አምስት ጊዜ የገንዘቧን ስም ቀየረች። ክሩዛዶ፣ አዲሱ ክሩዛዶ፣ ክሩዜሮ፣ ክሩዜሮ ሪያል፣ ሪያል። አራቱ እንደ መጡ ሄዱ፣ አምስተኛው እስከ ዛሬ አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው? በአምስተኛው ጊዜ መጀመሪያ በጀቱን አስተካከሉ። ከዚያ ለጥቂት ወራት ዋጋ ሁሉ በአንድ የማይዋዥቅ የሒሳብ መለኪያ እንዲጻፍ አደረጉ። ዩ.አር.ቪ. ይሉታል። በእጅ የሚነካ ኖት አይደለም። ዕቃው በዩ.አር.ቪ. ይተመናል፣ ሰው ግን በዕለቱ ምንዛሬ አስልቶ በአሮጌው ገንዘብ ይከፍላል። ሕዝቡ የማይቀልጥ ቁጥር ማየት ሲለምድ፣ በጁላይ 1994 ያችን መለኪያ ወስደው ገንዘብ አደረጓት። መቀስ ያነሡት ሒሳቡን ካቀኑ በኋላ ነው።

የወሎውን ነገር ሳነብ ግን ስልኩን አስቀምጬ ተነሣሁ። «የ1966ቱ ረሃብም ብር ረክሶ እህል በመወደዱ የመጣ ነው» ይላል። ወንድሜ፣ ደሴ አድገህ ይሄን እንዴት ጻፍክ?

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ይሄንኑ የወሎ ረሃብ አጥንቶታል። ዓለምን ያስደነገጠው ግኝቱ ተቃራኒው ነው። በ1965 ዓ.ም. ገበሬው እያለቀ እያለ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ይህን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ለምን? ገበሬው የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። ሰብሉ ጠፋ፣ በሬው ሞተ ወይም በርካሽ ተሸጠ። ወደ ባቲ የሚወርደው የአፋሩ ከብት አርቢም ፍየሉን አምጥቶ የሚወስደው እህል ከቀድሞው አነሰበት። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ዋጋ አያስወድድም፤ ገበያው አያየውም። ሰዉ መኪና መንገዱ ዳር ወጥቶ ነው ያለቀው፣ እህል የጫነ መኪና በፊቱ እያለፈ።

ብሩስ? ብሩ በዚያ ዓመት አልረከሰም። ዶላር ራሱ ስለወረደ የእኛ ገንዘብ ጠንክሮ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም የገባው በዚያው በ1965 ነው። ጠንካራ ብርና ረሃብ አንድ ላይ ኖረዋል። ስለዚህ ግሽበትን ስንጠላ የሌላውን ኃጢአት ሁሉ አንጫንበት። ያ ረሃብ የራሱ ባለዕዳዎች አሉት፤ ለምን ነፃ እናወጣቸዋለን? አያቴ ያን ዓመት ስታነሣ ስለ ዋጋ አውርታ አታውቅም። የምታወራው ስለ መንገዱ ነበር።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለቅርቡም ያስፈልጋል። በ2014 ኅዳር ደሴ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሁሉም ነገር ሰማይ ሲነካ፣ ያ ዕቃ ጠፍቶ ነው። እንዲህ ያለው ውድነት መንገድ ሲከፈት ይረግባል። የገንዘብ መርከስ ግን መንገድ ቢከፈትም አይመለስም። ሁለቱም ኪስ ያራቁታሉ፣ መንስኤያቸው ግን ይለያያል።

ታዲያ «ዚምባብዌን ሆነናል» ወይ? አልሆንንም። ልቅ ግሽበት ወይም ሃይፐርኢንፍሌሽን የሚባለው በተለምዶ ዋጋ በወር 50 በመቶ ሲጨምር ነው። በወር! በዓመት ሲሰላ 130 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሃንጋሪ በጁላይ 1946 ዋጋ በየ15 ሰዓቱ ይታጠፍ ነበር፤ ቁርስ ላይ ያየኸው ዋጋ እራት ሰዓት ሲያልፍ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። እኛ ጋ በጣም የከፋው ጊዜ፣ በሐምሌ 2000 ዓ.ም.፣ በዓመት ከ60 በመቶ በላይ ነበር። በግንቦት 2014 ደግሞ 37 በመቶ ገደማ። ከባድ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የሆነውንም ያልሆነውንም «ዚምባብዌ» ካልነው፣ እውነተኛው ሲመጣ የምንጠራበት ስም አይቀረንም።

ይህን ስል ግን አይዟችሁ ማለቴ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ዋጋ በዓመት 35 በመቶ ከጨመረ ከሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ ይታጠፋል። ያቺ 2 ብር ከ7 ሳንቲም እስከ 1985 ዓ.ም. ዘለቀች፤ ያኔ 5 ብር ሆነች። በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። አንድም ጊዜ ሃይፐርኢንፍሌሽን አልደረስንም፣ ብሩ ግን የት እንደደረሰ ታዩታላችሁ።

እና ማን አደረገው? ጸሐፊው የኔን አባት ከሚጠይቅ ብሔራዊ ባንክን ቢጠይቅ ጥሩ ነበር፤ ባንኩ ራሱ መልሷል። በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጠውን ብድርም ከቀድሞው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ እንዲወርድ ወሰነ። ጥፋተኛው ባለሱቅ ቢሆን ኖሮ ባንኩ የራሱን እጅ ለምን ያስራል? መንስኤው ያ ብቻ ነው አልልም። ጦርነቱ አለ፣ ድርቁ አለ፣ የዶላር እጥረቱ አለ፣ ነዳጁ አለ። ግን እነዚህ ሁሉ ዋጋን ደረጃ ያስወጡታል እንጂ በየወሩ ያለማቋረጥ ሲያስሮጡት አይከርሙም። ለሩጫው ስንቅ የሚያቀብለው የገንዘቡ መብዛት ነው።

የቀረው ጠገራ ብሩ ነው። እዚህ ላይ ልቤ ከጸሐፊው ጋር ነው፣ እውነቴን ነው። አያቴ አንድ ነበራት። ቀዳዳ ተበጅቶለት በክር አንገቷ ላይ ይውላል። የማርያ ቴሬዛ ምስል አለበት፣ ዓመተ ምሕረቱ 1780። የትኛውም ማርያ ቴሬዛ ላይ 1780 ነው የተጻፈው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላም ቢመታ አይቀየርም። አያቴ ሐሰተኛውን ለመለየት ትከሻው ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በአውራ ጣቷ ትዳስስ ነበር፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ታስጮኸዋለች። «ይሄ አይዋሽም» ትል ነበር።

አይዋሽም፣ ግን የእኛም አልነበረም። የሚመታው ቪየና ነው። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ እንኳ ባላገሩ የለመደውን ማርያ ቴሬዛን ነው የመረጠው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ የዓለም የብር ማዕድን ዋጋ ሲወድቅ ገበያችን የማይወስነው ዋጋ ሲወርድ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ይባስ ብሎ በ1935 እ.ኤ.አ. ሞሶሊኒ ያንኑ ገንዘብ ሮም ላይ የማስመታት መብት ከኦስትሪያ አገኘ። አስቡት፤ ሊወርረን የሚዘጋጀው አገር እኛ ገበያ ላይ የምንተማመንበትን ገንዘብ ሲመታ። ወታደሩ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ የአያቴ ዓይነት ጠገራ ነበር።

ብረቱ ከወረቀቱ የሚሻለው ማንም እንደፈለገ ስለማያበዛው ነው። ወረቀትም እጁን የሚይዝለት ካገኘ ይሰነብታል። ሬንተንማርክ ከኋላው ወርቅ አልነበረውም፤ ለስሙ በመሬትና በፋብሪካ ዋስትና ነበር የተባለው፣ ሄዶ መሬቱን የቆረጠ ግን የለም። «እምቢ» የሚል ሰው ብቻ ነበረው።

ይሄን ጽፌ ስጨርስ እማዬ ደወለች። የሰፈር ሴቶች እቁብ አላት፤ አሥራ ሁለት ናቸው፣ በወር አንዴ እጣ ይወጣል። በፊት መዋጮው የተቆረጠ ብር ነበር። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ መጀመሪያ የወጣላት ፍሪጅ ገዛችበት። መጨረሻ ላይ የወጣላት ያንኑ ያህል ብር ተቀብላ የፍሪጁን ግማሽ እንኳ አላገኘችም። ተኳረፉ። ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ታረቁ፤ ግን በብር መጣል ቀረ። አሁን የሚጣለው የሃያ ሊትር ዘይት ዋጋ ነው፣ በዕጣው ዕለት ጠዋት ሱቅ ተጠይቆ። እማዬ ዩ.አር.ቪ. የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም።

«አባትህ ጋ ነው የምንጠይቀው» አለችኝ። «የዛሬውን ነግሮን ነበር፣ ከሰዓት ሌላ እንዳይል ቶሎ ሰብስበን ገዛን።»